ምትክ ሆኖ ስለሚያስተምር መሣሪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሠራተኛን ውድ ወይም አደገኛ በሆነ መሣሪያ ላይ ከማሰማራት አስቀድሞ በሌላ፣ ዋጋው ባነሰና ጉዳቱ በቀለለ ነገር ላይ ማለማመድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዚህ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች በሚወርዱት የፒያሳ መንገዶች ግራና ቀኝ ወርቅ ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ ለኖሩት አንጥረኞች ነገሩ ግልጽ ነበር። ጀማሪ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ አይሰጠውም። እሳት ማንደድና መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም መዳብና ብር ማቅለጥ፣ መቀጥቀጥ፣ መበየድ ይማራል። መዳቡ በወርቁ ምትክ ቆሞ የእሳቱን ጠባይ፣ የመዶሻውን ክብደትና የእጁን ልክ ያስተምረዋል። ሆኖም መዳብ ወርቅ አይደለም። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ወርቅ በ1064፣ ብር ደግሞ በ962 ዲግሪ ነው። መዳብ በእሳት ሲሞቅ ይጠቁራል፤ ንጹሕ ወርቅ አይጠቁርም። ስለዚህ በመዳብ ብቻ የሠለጠነ ልጅ የቀለሙን ለውጥ አይቶ ሙቀቱን ለመገመት የተማረው ነገር ወርቅ ላይ ሲደርስ በከፊል ያታልለዋል። ባለ ሙያው ግን ምትኩ የት ላይ እውነት እንደሚናገርና የት ላይ እንደሚዋሽ ስለሚያውቅ ከጎኑ ቆሞ ያርመዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው፤ ምትክ ሆኖ የሚያስተምረው መሣሪያ የት ላይ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው ከጎኑ አለ ወይስ የለም?

በእንግሊዝኛ ሲሙሌተር የሚባለውን መሣሪያ በአማርኛ «አስመሳይ መሣሪያ» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ አስመሳይ ሲባል ወዲያው የሚታየው ፊት ለፊት ሌላ፣ በስተጀርባ ሌላ የሆነ ሰው ስለሆነ ለማስተማሪያ መሣሪያ የሚመች ስም አይመስልም። በዚህም ምክንያት «ማስመሰያ» የሚለው ቃል ተመርጧል። የተተወው ስም ቢሆንም ፈጽሞ ያለ ቦታው እንዳልሆነ በኋላ ይታያል።

የበረራ ማስመሰያን ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ነው። አባቱ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በቢንግሃምተን ከተማ የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. በኦርጋን ውስጥ አየር የሚገፉትን ወናፎችና ቱቦዎች ወስዶ፣ በላያቸው ትንሽ የአብራሪ መቀመጫ ክፍል አስቀምጦ፣ መሪው ሲዘነበል የሚያዘነብል፣ መሪው ሲቀና የሚቃና መሣሪያ ሠራ። የአቪዬሽን ሰዎች ብዙ ዋጋ ስላልሰጡት መሣሪያው በመዝናኛ ሥፍራ ሳንቲም እየተከፈለበት የሚጋለብ መጫወቻ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር አየር ጓድ ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ አብራሪዎቹ በጭጋግና በሌሊት ተራ በተራ ሲሞቱ ነው ጦሩ የሊንክን መሣሪያ ለመግዛት የተነሣሣው። መሣሪያው ከተሠራ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። በማስመሰያ ታሪክ ውስጥ ይህ ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይታያል፤ ግዢው የሚፈረመው ከቀብር በኋላ ነው።

ማንኛውም ማስመሰያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሠልጣኙ የሚያየው፣ የሚዳስሰውና የሚሰማው ነው፤ መሪው፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው፣ ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ መንቀጥቀጡ። ሁለተኛው ለዓይን የማይታየው የሒሳብ ክፍል ሲሆን፣ ሠልጣኙ ይህን ቢነካ ማሽኑ እንዲህ ይመልሳል የሚለውን ስሌት የያዘው እርሱ ነው። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያው ክፍል እጅግ ረክሷል። በዓይን ላይ የሚጠለቀው የምናባዊ እይታ መነጽር በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል፤ ሠልጣኙም አጥልቆት በፋብሪካ ውስጥ የቆመ ያህል ዙሪያውን ይመለከታል። ሁለተኛው ክፍል ግን አልረከሰም። እውነተኛውን ማሽን ለክቶ፣ ጠባዩን መዝግቦ፣ ወደ ቀመር የሚለውጥ ሰው ድካም ዛሬም እንደ ዱሮው ውድ ነው። የሻጭ ወኪሎች መነጽሩን ይዘው በየመሥሪያ ቤቱ ሲዞሩ ለገዢው የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ የሁለተኛውን ክፍል ማረጋገጫ የሚጠይቅ ገዢ ብዙ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ማስመሰያ በሥርዓት የሚሠራበት ቤት በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በቦሌ የሚገኘው የሥልጠና ማዕከሉ ለተለያዩ የአውሮፕላን ዓይነቶች የሚያገለግሉ ሙሉ የበረራ ማስመሰያዎች አሉት። እነዚህ በ6 ተንቀሳቃሽ እግሮች ላይ የቆሙ፣ የአብራሪውን ክፍል ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያወዛውዙ ትልልቅ መሣሪያዎች ናቸው። ከፍተኛ ደረጃ የተሰጠው ማስመሰያ በየጊዜው ከእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከተወሰደ የበረራ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ካልተፈተነ ለሥልጠና አይፈቀድም። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት የሥልጠና መሣሪያ በየትኛውም ኢንዱስትሪ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ይህም ሆኖ ያልታሰበው ደረሰ።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከጃካርታ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ 189 ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሳሳይ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። በሳምንቱ እዚሁ አራዳ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ 17 ባዶ የሬሳ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ለጸሎት ቀረቡ። ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን ስላልነበረ አደጋው ከደረሰበት ሥፍራ የተዘገነ አፈር ተሰጠ። በዚያ ዕለት በካቴድራሉ አጥር ዙሪያ የቆመ ሰው ስለ ማስመሰያ ምንም ላያስብ ይችላል፤ ነገር ግን ከጉዳዩ ክሮች አንዱ በቀጥታ ወደ ሥልጠና ክፍል ይመራ ነበር።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በማክስ አውሮፕላን ላይ ኤምካስ የሚባል አዲስ ሥርዓት ተጨምሮ ነበር። ሥርዓቱ አፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ ላይ ቀና ያለ ሲመስለው በጅራት ላይ ያለውን አግዳሚ ክንፍ በራሱ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። መረጃውን የሚወስደው ከአንድ የአየር ማዕዘን መለኪያ ብቻ በመሆኑ፣ ያ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ ኤምካስ በደህና የሚበረውን አውሮፕላን ደጋግሞ ወደ መሬት ይደፍቀዋል። ከላየን ኤር አደጋ በፊት አምራቹ ይህን ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልገለጸውም። ከቀድሞው 737 ወደ ማክስ የሚዛወር አብራሪም በማስመሰያ ላይ መሠልጠን እንደማያስፈልገው፣ በኮምፒዩተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት እንደሚበቃው ተወስኖ ነበር። ለዚህ ውሳኔ ንግዱም እጁን አስገብቷል። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በኋላ ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ አምራቹ ለአንድ ትልቅ የአሜሪካ አየር መንገድ የማስመሰያ ሥልጠና ግዴታ ቢሆን ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ውል ገብቶ ነበር። ሥልጠና ወጪ ብቻ ሆኖ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲጻፍ የሚያመጣውን ነገር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ጥቂት ድርጅቶች ብቻ የነበራቸውን የማክስ ሙሉ የበረራ ማስመሰያ በቦሌ አቁሞ ነበር። ከአደጋው በኋላ በውጭ ጋዜጦች ላይ ማን ምን ያህል ሠለጠነ የሚል ክርክር ሲነሣ፣ አየር መንገዱ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ማስመሰያው የኤምካስን ችግር እንዲያሳይ ተደርጎ ያልተሠራ መሆኑን አስታወቀ። ለመሐንዲስ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። መሣሪያው ነበር፤ ዋጋው ተከፍሏል፤ በደንቡ መሠረት ተፈትኖ አልፏል። ያልነበረው የሚገድለው ጠባይ ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ጽሑፍ እንደተመለከተው የበረራ 302 አብራሪዎች የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አቋርጠው፣ በእጅ በሚሽከረከረው ጎማ ክንፉን ለመመለስ ሞክረው ነበር፤ ረዳት አብራሪውም በእጅ አልሠራ እንዳለው ተናግሯል። አየር በክንፍ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ስለሚጨምር፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ያንን ጎማ ማዞር ለሰው ክንድ እጅግ ይከብዳል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ቦይንግ የማክስ ማስመሰያ ፕሮግራም አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል የማያሳይ ሆኖ መገኘቱንና መታረሙን ገለጸ፤ በወቅቱ እንደተዘገበው ከተጓደሉት ነገሮች አንዱ የዚህ ጎማ ክብደት ነበር። በሌላ አነጋገር በማስመሰያው ውስጥ የሚቀለው በአየር ላይ ይከብድ ነበር። «አስመሳይ» የሚለው ቃል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሆነ መሣሪያ ሠልጣኙን እንዳላወቀ ይተወዋል፤ የሚዋሽ መሣሪያ ግን እንዳወቀ አድርጎ ይልከዋል። ሁለተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም ያላወቀ ሰው ይጠነቀቃል።

የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኑ እንዲበር ሲፈቅድ የማክስ አብራሪ ሁሉ በማስመሰያ ላይ እንዲሠለጥን አስገደደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክስን ወደ አገልግሎት መለሰ።

ይህ በአቪዬሽን ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ አደጋ ሲደርስ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል የነበሩት ሠራተኞች በአምራቹ ማስመሰያ ላይ የሠለጠኑ ነበሩ። የፕሬዚዳንቱ አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው ያ ማስመሰያ ሠራተኞቹ በዚያ ሌሊት የገጠማቸውን ሁኔታ እንዲያሳይ አልተዘጋጀም ነበር። በሁለቱ አደጋዎች መካከል 40 ዓመት አለ።

አሁን ከአየር ወደ መሬት መውረድ ይገባል፤ ከማኅበሩ አባላት የሚበዙት የሚሠሩት በቦይለርና በፓምፕ፣ በሞተርና በማስተላለፊያ አጠገብ ነውና። የቦይለር ሠራተኛ ሊያውቀው ከሚገባው ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። በመስታወቱ ላይ ውሃው ከልክ በታች ወርዶ ከታየ፣ ቱቦዎቹ ያለ ውሃ ግለው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በድንጋጤ መልቀቅ ቦይለሩን ሊያፈነዳው ይችላል፤ መጀመሪያ የሚደረገው እሳቱን ማጥፋት ነው። የሰው ደመ ነፍስ ግን ተቃራኒውን ያዛል፤ ውሃ ጎደለ፣ ውሃ ጨምር። ይህን ደመ ነፍስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ትምህርት መግራት አይቻልም። በእውነተኛ ቦይለር ላይ መለማመድም የማይታሰብ ነው። ማስመሰያ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሠልጣኙ አሥር ጊዜ ቦይለር አፈንድቶ፣ አሥር ጊዜ ደንግጦ፣ በአሥራ አንደኛው እጁ በራሱ ወደ እሳቱ ማጥፊያ ይሄዳል። በመነጽሩ ብቻ ሲሆን ግን እጁ ባዶ አየር ይጨብጣል፤ የቫልቩን ጥንካሬና የእጀታውን ሙቀት አይማርም። ስለዚህ ከምስሉ ይልቅ ከአሮጌ ቦይለር ላይ የተነቀለ እውነተኛ ቫልቭ ከኮምፒዩተሩ ጋር ቢገናኝ የተሻለ አስተማሪ ይሆናል።

ወደ ቁጥሩ ሲመጣም አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በቦይለሩ ውስጥ ባለው ከፍተኛ ግፊት ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ክዳኑ ክፍት በሆነው የመጋቢ ውሃ ታንከር ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው። በባሕር ዳርቻ በ90 ዲግሪ ያለ ሥጋት የሚሳበው ውሃ እዚህ ሊፈላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ ፓምፑ እንፋሎት እየሳበ ይንቀጠቀጣል፤ የመጋቢው ውሃ ይቋረጣል፤ መስታወቱም ይወርዳል። ከውጭ አገር በባሕር ወለል ልክ ተሰልቶ የመጣ የቦይለር ማስመሰያ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ 90 ዲግሪ ደህና ነው ብሎ ያስተምረዋል። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሮችም ተመሳሳይ ነው፤ የሚሠሩት በደንቡ መሠረት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ በመሆኑ በሳሳ አየር ውስጥ በቂ ቅዝቃዜ ስለማያገኙ ጭነታቸው መቀነስ አለበት። ይህን ያላካተተ ቀመር በሚያምር ሥዕል ቢሸፈን መዳብን ወርቅ አያደርገውም።

ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ፣ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የቀላል ባቡር መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሠራሩን ከኢትዮጵያውያን ጋር የያዙት የቻይና ድርጅቶች ነበሩ። ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ወደ ፒያሳ ሲቃረብ ከመሬት በታች ይገባል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው እንደነበር በይፋ ተነግሯል። ባቡር በጎደለበት ቦታ ደግሞ ለተለማማጅ የሚሰጥ ባቡር አይኖርም፤ በመሆኑም ማስመሰያው ከትርፍነት አልፎ አስፈላጊ ይሆናል። የአሽከርካሪው ማስመሰያ ምን ማስተማር እንዳለበት ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በክረምት ሐዲዱ በውሃና በጭቃ ሲለሰልስ የብረት ጎማ ምን ያህል ይንሸራተታል? ሞልቶ የጫነ ባቡር በቁልቁለት ላይ ሲያዝ የሚቆመው በስንት ሜትር ነው? ከዋሻው ጨለማ ወደ ቀትር ብርሃን ሲወጣ ዓይን ስንት ሴኮንድ ይጠፋል? በጎጃም በረንዳ ጣቢያ ሰው በሮቹን ይዞ አላስዘጋ ሲል አሽከርካሪው ምን ያደርጋል? ከሌላ ከተማ እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ማስመሰያ ለእነዚህ መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው በመስመሩ ላይ በሚለካው ቁጥርና በአሽከርካሪዎቹ አፍ ውስጥ ነው።

መለኪያና ቀመር አዋቂ አይጠፋም። በ1945 ዓ.ም. የምህንድስና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረውና በኋላ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተባለው ትምህርት ቤት ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት አምስት ኪሎ ላይ ነው። የአንድ ፓምፕ ወይም የአንድ ቦይለር ቀመር መሥራት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ተማሪዎች አቅም የማያልፍ ሥራ ነው። የሚጎድለው ፋብሪካው በሩን ከፍቶ ተማሪው መለኪያውን ይዞ እንዲገባ መፍቀዱ ነው። ፋብሪካዎች ይህን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው፤ የሚለካ ሰው የተደበቀ ብልሽት ያገኛልና።

ግዢ የሚያዘጋጁ አባላት በጨረታ ሰነድ ላይ ሊያስገቧቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ሻጩ ቀመሩ ከየትኛው ማሽን፣ በምን ከፍታና በምን ጭነት ላይ ከተወሰደ መለኪያ እንደተሠራ በጽሑፍ ያቅርብ። ገዢው ቁጥሮቹን የመለወጥ መብት ይኑረው፤ የተቆለፈ ፕሮግራም የሚገዛ ድርጅት ለእያንዳንዱ እርማት እንደገና ይከፍላል። ርክክቡ የሚፈጸመው በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ላይ አሥር ዓመት የቆየ ኦፕሬተር በማስመሰያው ላይ ተቀምጦ ሠርቶ፣ ይህ ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም የሚለውን ሁሉ ከተናገረና ከተመዘገበ በኋላ ይሁን። ማስጠንቀቂያዎቹም በአማርኛ፣ እንደ ቦታውም በሠራተኛው ቋንቋ ይጻፉ፤ በጭንቅ ሰዓት ሰው የሚያነበው ያደገበትን ቋንቋ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በብልሽት መዝገብ ላይ ነው። በየፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊዎች በእጃቸው የሚሞሏቸው ደብተሮች አሉ፤ ምን ሰዓት ምን ቆመ፣ ምን ድምፅ ተሰማ፣ ማን ምን አደረገ። ከእነዚህ ደብተሮች ውስጥ የሚወጡት ክስተቶች በየትኛውም የውጭ ሻጭ ማስመሰያ ውስጥ አይገኙም። ደብተሮቹ ግን ሲሞሉ ወደ መጋዘን ይገባሉ፤ የጻፉት ሰዎችም ጡረታ እየወጡ ነው። ማኅበሩ በመጪው ዓመት ከአባላቱ መካከል ፈቃደኞችን መርጦ በሁለት ወይም በሦስት ፋብሪካዎች ደብተሮቹን ከመጋዘን ቢያስወጣና ከጻፏቸው ሰዎች ጋር አብሮ ቢያነብ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ለዚህ መነጽርም ሆነ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።